ባዶ ነው የተባለው ዲስክ

በቦታው የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ እናቴ፣ እና ሁላችንም «ካቻቪቴ» እያልን የምንጠራው አለቃዬ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት አለፍ ብሏል። የምሳ ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ውጭ መንገዱ ላይ ሰው ይተራመሳል።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ተኝተህ አልመህ ነው» የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው። አላለምኩም። ማመን የማይፈልግ ሰው ከዚሁ ይመለስ፤ ለማንም የምምልበት ትዕግሥት የለኝም። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የምሠራው የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ ካቻቪቴ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ የምለው ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነው። ደንበኛ ሲመጣ እሱ ያወራል፤ እኔ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም።

የእኔን ድርሻ የምታወራልኝ ታላቅ እኅቴ ነበረች። እታለም ነው የምላት።

እታለም ከጠፋች ወራት አልፈዋል።

«ጠፋች» የምለው እኔ ነኝ። ባሏ «ሄደች» ነው የሚለው።

ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤታችን መጣና እያለቀሰ ተናገረ። ሰኞ ጠዋት እሱ ሥራ እስኪሄድ ጠብቃ፣ ቀዩን ሻንጣዋን ይዛ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሄደች አለ። ይቅር ብያታለሁም አለ። እሱ... እሷን... ይቅር አላት።

አባቴ አመነው። ፎቶዋን ከግድግዳ አወረደ። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ እዚህ ቤት አይጠራም አለ። ሽማግሌዎቹም የሰውዬውን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ አጽናኑት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ መልኳን የማያውቃትም ሰው አፉን ከፈተባት።

እናቴ ብቻ አንድ ነገር ትላለች።

«ልጄ ሳትሰናበተኝ አትሄድም።»

የሚሰማት አልነበረም። እኔም አፌ ይተሳሰራል።

ያን ሐሙስ ጠዋት ባሏ ሱቃችን መጣ።

ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። ቤቱን እንደሸጠው፣ ዕቃውን አውጥቶ እንደጨረሰና ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ለገዢው እንደሚያስረክብ ለካቻቪቴ ነገረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬም አፍህን ቤት ረስተኸው መጣህ፣ ዋርሳዬ?»

እንደ ሕፃን ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ጠረኑ አሁንም ይሸተኛል።

ከፌስታሉ አንድ ዲስክ አወጣ። በረንዳውንና በሩን የሚያይ ካሜራ ነበረው፤ ካሜራው የሚቀዳው ከቤቱ ኔትወርክ ጋር በተያያዘ ትንሽ የማከማቻ ሣጥን ላይ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ካሜራውንም ሣጥኑንም ነቅሎ ጥሏቸዋል። አንዱን ዲስክም አብሮ ጥሎታል። ይህኛውን ግን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ሲሞክረው «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉት» የሚል ጽሑፍ መጣለት። ሌላ ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አለኝ። «ላንተ ይሁን። ዘፈን ትጭንበታለህ።»

ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ እየሳቀ ወጣ።

ካቻቪቴ እስኪርቅ ጠበቀና ዲስኩን አገላብጦ አየው። እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ውስጣቸው ሊኑክስ የሚባል፣ ከዊንዶውስ የተለየ ሥርዓት መሆኑን፣ ዲስኩም የሚጻፈው በሊኑክስ ዘዴ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ዊንዶውስ ማንበብ ያቃተውን ሁሉ ባዶ ነው ይላል» አለ። «እንደ አንዳንድ ሰው።»

ከጠረጴዛው ሥር ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አለን። ዲስኩን እሱ ላይ ሰካሁት። የካቻቪቴ ሕግ አንድ ነው፤ የሰው ዲስክ መጀመሪያ የሚከፈተው በሪድ ኦንሊ ነው። «ሪድ ኦንሊ ማለት ዐይን አለህ፣ እጅ የለህም ማለት ነው» ይላል ሁልጊዜ። ታነብባለህ። አንዲት ፊደል መጨመርም መፋቅም አትችልም።

እንደዚያ አድርጌ ከፈትኩት።

ግልባጩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ዲስኩን አወቀው። ፎልደሮቹ በየቀኑ ተደርድረው መጡ።

ባዶ አልነበረም። ጢም ብሎ ሞልቷል።

እናቴ ምሳዬን ይዛ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ምን እንደሆነ ስነግራት የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ ፊቷን ብቻ አሳየኝ፣ ልጄ።»

ካቻቪቴ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደው።

ካሜራው የተሰቀለው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከውስጥ ሆኖ የቤቱን በር ያያል። በበሩ መስታወትም በረንዳውን። ያ ቤት ሌላ መውጫ የለውም፤ መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

እሑድ ከሰዓት። እታለም ገባች። የገበያ ዕቃ ይዛለች። ጫማዋን በሩ ሥር አወለቀችና አስተካክላ ደረደረችው። ከዚያ ወደ ውስጥ አለፈች።

እናቴ በጣቷ ስክሪኑን ነካችው።

ሰኞ ጠዋት። ባሏ ወጣ።

አፈጠንኩት። እታለም ሻንጣዋን ይዛ የምትወጣበትን ሰዓት ፈለግሁ።

በሩ አልተከፈተም።

እስከ ማታ አልተከፈተም። ማታ እሱ ተመለሰ። ከውስጥ የተቀበለው ሰው የለም።

ማክሰኞ... እሱ ወጣ፣ እሱ ገባ።

ረቡዕ... እሱ ወጣ፣ እሱ ገባ።

«ጫማዋ» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

ጫማዋ በሩ ሥር ነው። በገባ በወጣ ቁጥር ይራመደዋል። እንዳለ ነው።

ሐሙስ ጎንበስ አለና ጫማውን አነሣው። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተው።

ጠረጴዛዬ ላይ የተወውን ፌስታል አየሁት። ካቻቪቴም አየው። ማናችንም አልነካነውም።

ዓርብ ብሎኬት አስገባ። ሲሚንቶ አስገባ። ግንበኛ የለም፣ የቀን ሠራተኛ የለም። ላቡ እየተንጠፈጠፈ ራሱ ነው የሚሸከመው።

«ምን ሊሠራ ነው?» አለ ካቻቪቴ።

እናቴ በጣቷ የበሩን ጎን አሳየች።

«ከበሩ ጎን... ትንሽ የዕቃ ክፍል ነበረች» አለች። «ልብሷን ልወስድ ስሄድ ግን የለችም። ግድግዳ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ነው ያለቀስኩት።»

ያን ቀን እኔም አብሬያት ነበርኩ። አባቴም ነበር። ሽማግሌዎቹም። ወንበር አውጥቶልን ሻይ አቀረበልን። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥተው፣ ሻይ ፉት እያሉ፣ ስለ ሴት ልጅ ከዳተኝነት ምሳሌ ሲያወርዱ ነበር።

በእሷ ላይ ተደግፈው።

ካቻቪቴን ለፖሊስ ደውልልኝ አልኩት። እሱም ስልኩን እያወጣ፣ ቅጂው የት ላይ እንደሚያበቃ እይ አለኝ። ይጠይቁናልና።

ግንቡን ሲሠራ እናቴ እንዳታይ ዘልዬ ወደ መጨረሻው ወረድኩ። ሣጥኑን የነቀለበት ቀን የመጨረሻው መሆን አለበት።

አልነበረም።

ከሥሩ አንድ ፎልደር አለ።

የዛሬ ቀን ተጽፎበታል።

«ጻፍክበት እንዴ?» አለኝ ካቻቪቴ።

አልነካሁም አልኩት። ቁልፍ ሰሌዳውን ከእጄ ወሰደና ባዶ ፋይል ሊፈጥርበት ሞከረ። እምቢ አለ። ሪድ ኦንሊ ነው፤ አይጻፍም። ደግሞ ሞከረ። እምቢ አለ።

እሱ እየሞከረ ሳለ... ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ተጨመረ።

«ዝጋው» አለ ካቻቪቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ክፈተው» አለች እናቴ።

ከፈትኩት።

ኮሪደሩ ነው። ዕቃ የለም፤ ባዶ ቤት ነው። ካሜራው ሳይቀር ተነቅሎ ተጥሏል። በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓትና ሱቃችን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ናቸው።

በሩ ሥር የእታለም ጫማ ተደርድሯል።

ሁለተኛ ፋይል ተጨመረ። ጫማው በሩ ሥር የለም። ኮሪደሩ መሐል ነው።

ሦስተኛው። ጫማው ግድግዳው ሥር ነው። ተረከዙ ግድግዳውን ነክቷል፤ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሯል። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም... እንደዚያ።

እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ብቻ ያዘችኝ።

አራተኛው ፋይል ሲመጣ በሩ ተከፈተ።

ባሏ ነው። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። በሩን ከውስጥ ዘጋ።

ጫማውን አየው።

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ካየነው ቅጂ አንዱም ድምፅ አልነበረውም። ይህኛው አለው። የጫማው ሶል ወለሉ ላይ ሲፋቅ ሰማን። ትንፋሹን ሰማን።

«ማን ነው?» አለ።

ወደ ጫማው አንድ እርምጃ ተጠጋ።

ከዚያ ከቅርብ... ካሜራው ሥር ከቆመ ሰው አፍ የወጣ የሚመስል... የለመድነው፣ የደከመው፣ የቤት ውስጥ ድምፅ መለሰለት።

«መጣህ እንዴ?»

ፋይሉ አለቀ።

ሌላ አልተጨመረም። ብጠብቅም አልተጨመረም። ገመዱን ስነቅለው እናቴ አሁንም ስክሪኑን እያየች «መጣህ እንዴ ነው ያለችው፤ አይደል?» ትለኛለች።

ስልኩን ከካቻቪቴ እጅ ነጠቅሁት። ፖሊስ ሲያነሣው ያወራሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አፌ ግን አልተሳሰረም። ታክሲ ውስጥ ካቻቪቴ ለሾፌሩ አድራሻ ሲነግር እኔ ገና እየጮኽኩ ነበር ይለኛል።

ስንደርስ የባሏ መኪና በር ላይ ቆሟል። ገዢውም ውጭ ቆሞ፣ ቁልፍ እንዲረከብ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሰው እንዳልከፈተለት ለፖሊሶቹ ያማርራል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከውስጥ እንደተሰካ ነው። ከእኛ በኋላ አባቴ ከአንደኛው ሽማግሌ ጋር መጣ። እናቴ ነች የደወለችለት።

ፖሊሶቹ በሩን ሰብረው ገቡ።

ማንም የለም። ክፍሎቹን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ የመስኮቶቹን ብረት አንድ በአንድ ነቀነቁ። ጫማም የለም። ካሜራው የነበረበት ቦታ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

ግድግዳው እንደነበረ ነው። ቀለሙ አልተነካም። ስንጥቅ እንኳ የለውም።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ያለ ማስረጃ የሰው ስም ማጥፋት ነውር እንደሆነ መናገር ጀመረ። ሰውዬው መቼም ጨዋ ነው አለ።

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ፊቱ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቆሜበት አላውቅም።

«አባባ» አልኩት። «ስሟን ጥራ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣውም። ያ ሁሉ ወር አፉን ሞልቶ ሲከለክለን የነበረ ሰው አንዲት ስም አቃተችው። አላዘንኩለትም። አሁንም አላዝንለትም።

በዚህ መሐል ከፖሊሶቹ አንደኛው የሰውዬውን ስልክ ቁጥር የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ነገርኩት። ደወለ።

ሁላችንም ሰማነው።

ስልኩ ከግድግዳው ውስጥ ጠራ።

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ፖሊሱ ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ ከዚያው ጠራ።

ግድግዳውን በዚያው ከሰዓት አፈረሱት። ሁለት ሰው አወጡ።