የጋሼ ቤኒ የቀብር ዜማ

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ቡዳፔስት ይምጣና ፊቴ ቆሞ ይንገረኝ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ቦታው ሁለት ሺህ ሰው የታጨቀበት አዳራሽ።

ምስክርም አለኝ። የጋሼ ቤኒ ልጅ ኢሎና ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሾርባዋን እየጠጣች ነው።

ኤሌሜር እባላለሁ። ሲምባሎም ነው መሣሪያዬ፤ ጠረጴዛ የሚያህል፣ ክሮቹ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች የሚመቱ። ከዳኑብ ወንዝ ወዲህም ወዲያም እንደኔ የሚመታው አልተወለደም።

ቫዮሊኒስቱን ቪልሞሽን ዓለም ያወቀው እኔ አጅቤው ነው። ከትልቁ ኦርኬስትራ ጋር ክላሲካሉን ይጀምርና መሐል ላይ የምግብ ቤት ዘፈን ሸጎጥ ያደርግበታል። ሚኒስትሮች ወንበር ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ አይቻለሁ።

እኛ ሮማ የምንባል የጂፕሲ ሙዚቀኞች ዘንድ ግን የማይነካ ነገር አለ። እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱ ዜማ አለው። ያ ዜማ በአደባባይ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው...

ሬሳው ጉድጓድ ሲገባ።

ቪልሞሽ የአስተማሪውን፣ የጋሼ ቤኒን ዜማ ክላሲካሉ ውስጥ ሊያስገባ ፈለገ። ጋሼ ቤኒ ደግሞ በሕይወት አለ። የፊት ወንበር ተይዞለታል።

ወሬው ደርሶት ከመድረኩ ጀርባ መጣ።

«ልትቀብረኝ ነው አሉ» አለ እየሳቀ። «ምሳዬን እንኳ ሳልበላ?»

«ዜማ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ ጠፋ።

«ተው ልጄ... ፈርቻለሁ።»

እኔ እንደ አንበሳ መሐላቸው ገባሁ። «ነፍሱ ናት፣ ተው!» አልኩ። ቪልሞሽ አልሰማኝም። እንጨቶቼን ወርውሬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።

ዜማው ተጀመረ...

ከጋሼ ቤኒ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለምን እንዳወለቁ እነሱም አያውቁም።

ከኋላው ያለች ሴት ደረቷ ላይ የሰካችውን አበባ ነቅላ ጭኑ ላይ ጣለችለት። ዓይኗ ግን መድረኩ ላይ ነው።

የጋሼ ቤኒ ከንፈር ነጣ። «ተው...» ሲል አየሁት።

ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መሰለው። አጨበጨበ። «ይደገም!» አለ።

ተደገመ።

ሲያልቅ ጋሼ ቤኒ ወንበሩ ላይ ደርቋል። አሁን የሞተ ሰው ሬሳ አይመስልም... የከረመ ሬሳ ይመስላል።

ይኸው ነው። ጨርሼ ለኢሎና አነበብኩላት።

«ዋሸሁ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቪልሞሽ እኮ እምቢ ብሎ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ነበር፣ ኤሌሜር» አለች በቀስታ። «አባቴ ተው ያለው አንተን ነው። ብቻህን መታኸው። ይደገም ሲሉህም... ደገምከው።»

ዓይኗ ጣቶቼ ላይ ነበር። ለካ ሳላውቀው ያንኑ ዜማ ጠረጴዛው ላይ እየመታሁ ነው።

እጆቼን ብብቴ ውስጥ ደበቅኩ።

ጠረጴዛው ላይ ምቱ አላቆመም...