የአቶ አምሳሉ መርሴዲስ እና ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ፅጌ ሙሴን ደግማ ዓይኑን ላታይ ምላ ነበር። አባቷ አቶ አምሳሉ ያቺን የጃንሆይ ዘመን መርሴዲስ «ወደ ሙሴ ጋራዥ ውሰጃት» ሲሏት ታዲያ ደሟ ፈላ።

«ጋራዥ የጠፋበት አገር ነው እንዴ አባዬ?»

«ሌላው ሁሉ ኢንጀክሽኑን ነቅዬ ካርቡራተር ካልገጠምኩ ይላል። እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም! ደግሞ ዛሬውኑ ትሠራ። እሁድ የአዲስ አበባዎቹ ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣሉ፤ መልስ እሰጣለሁ።»

መልሱ እሺ እንደሚሆን ፅጌ ታውቃለች። ሽማግሌ የላከውን የአዲስ አበባ ሰውዬ ግን አትፈልገውም። የምትፈልገው ሙሴን ነው፤ የሚያበግናትም ይኸው ነው! ከአራት ወር በፊት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷም እንደ ደንቡ «እስቲ እንምከርበት» ብለው ሸኟቸው። ሴት ልጅ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቢል ልጁ ቆማ የቀረችበት ያስመስላል። ሽማግሌም ይመለሳል። የሙሴ ሽማግሌዎች ግን እንደወጡ ቀሩ። ሞባይል አዋሳ ገና አልገባ፣ ደውላ አትሰድበው ነገር። እሱ ደግሞ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

ከምትሠራበት የክልሉ ቢሮ ፈቃድ ወስዳ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጋራዥ ስትደርስ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ሙሴ ቀና ብሎ አያትና ፊቱን አጠቆረ።

«ምን ሆነች?» አለ፣ መኪናዋን ብቻ እያየ።

«ትጨሳለች። ቤንዚን ትጠጣለች። ሲሞቃት አትነሳም።»

ኮፈኑን ከፈተ። የቤንዚኑን ግፊት ከሚመጥነው ትንሽ ብረት፣ ሬጉሌተር ከሚሉት ላይ፣ ቀጭኗን ጎማ መዘዘ። ከጫፏ ቤንዚን ተንጠባጠበ።

«የውስጡ ሽፋን ተቀዷል። ግፊቱን የሚይዝ የለም።»

«ምትክ ይገኛል?»

«ለአባትሽ ብዬ ያኔ ገዝቼ ያስቀመጥኩት አለ» አለና ከመሳቢያ አወጣው።

ያ ‹ያኔ› ያለው ፅጌን አንጨረጨራት። ያን ያህል ካሰበልን ምነው እግሩን ሰበረው?

ሙሴም በንዴት ታውሮ የፓምፑን ግፊት ሳያስተነፍስ ቱቦውን ፈታው። ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት! ቤንዚኑ ተፈናጥሮ ሁለቱንም አለበሳቸው።

«ዓይኔን! ልታጠፋኝ ነው እንዴ?»

«አፍጥጠሽብኝ እንዴት ልሥራ?»

«ያፈጠጥኩት ወንድ መስለኸኝ ነው! ሽማግሌ ልኮ የሚጠፋ ወንድ!»

ሙሴ መፍቻውን ወረወረው። «እኔ ነኝ የጠፋሁት? አባትሽ አይደሉ ‹እንምከርበት› ብለው ያባረሯቸው? ጴንጤ ስለሆንኩ፣ እጄ ግሪስ ስለሆነ!»

ፅጌ ክው አለች።

«እነማንን ነበር የላክኸው?»

«የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች። እነሱ ዘንድ ነገር አዎ ወይም አይ ነው። አይሆንም ተብለናል አሉኝ።»

«ወይኔ! ‹እንምከርበት› ማለት ተመለሱ ማለት ነው እኮ! አባዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ከረሙ። አንተ ሞኝ! እኔንስ መጠየቅ አቃተህ?»

እንባዋ መጣ። ሙሴ ጉንጯን ሊጠርግላት እጁን ሰነዘረ፤ ግሪሱን አየና መለሰው። ፅጌ በንዴት እጁን ጎትታ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው።

«አባዬ እሁድ ከአዲስ አበባ ለመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች መልስ ሊሰጡ ነው» አለች እጁን ሳትለቅ።

«ዛሬ አርብ ነው እኮ!»

«እና ምን ትገተራለህ? ግጠምና ሽማግሌዎችህ ዘንድ ሂድ!»

ሙሴ የአዲሱን ሬጉሌተር ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ዘይት ቀብቶ አስገባ፤ አጠበቀ፤ አስነሳ። ጭሱ ጠፋ። እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት የሙሴ ሦስት ሽማግሌዎች ተመልሰው አቶ አምሳሉ ሳሎን ቆሙ። ሙሴ እንዴት እንደሚባል ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጠናቸው አድሯል።

«አራት ወር!» ጮኹ አቶ አምሳሉ። «የሰው ልጅ ጠይቆ እንዲህ ይጠፋል? ልጄን ምን አድርጋችሁ ቆጠራችኋት?»

«አጥፍተናል። ካልፈቀዱልን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እሱስ ከልቡ ነው?»

«ከልቡ ነው።»

«በሃይማኖቱ ነገር ገና እንከራከራለን!»

«እንከራከራለን።»

ከጓዳው በር ኋላ ፅጌ ጆሮዋን አቆመች።

«ተቀመጡ» አሉ አባቷ።

ፅጌ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና እሷም መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።