የባሺር ቋጠሮ

«በዚህ ሸበጥ ከሄድሽ ገና ከበር ነው የሚመልሱሽ» አለች ማርጋሬት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

አሻ ወደ እግሯ ተመለከተች። ከላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ኮት ለብሳለች። ከኮቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርደው ነጩ የሐዘን ቀሚሷ ነው። ከዚያ በታች፣ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ አረንጓዴ የላስቲክ ሸበጥ።

«ሽፍን ጫማ የለሽም?»

«ነበረኝ። ለቅሶው ሰሞን ጠፋ። በራፉ ላይ ጫማ ተከምሮ አልነበር? አንዷ የኔን አድርጋ ሄደች፤ ይሄን ትታልኝ።»

«የለቅሶ ቤት ሌባ!»

«ሌባ እንኳ አይደለችም። ዐይኗ እንባ ሞልቶት ይሆናል።»

ግቢው ጥግ ድስት ስትፈትግ የነበረችው ሀዋኦ እጇ ባለበት ቀረ። አልጋዋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ አንድም ቀን መሬት ያልነካ ጥቁር ሽፍን ጫማ አለ። ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀና አላለችም። አመድ ጨመር አድርጋ መፈተጓን ቀጠለች።

አሻ የሀዋኦ ወንድም የባሺር ሚስት ናት። ባሺር የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከኡራን ከብት ጭነው ሲመለሱ መኪናው ተገለበጠ። ከከብቶቹ አንዳንዶቹ ተነሥተው ሄዱ፤ እሱ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ በማንያታ ሰፈራቸው ባለው ቤት ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። የአሻ ወንድሞች መጥተው፣ የሐዘን ጊዜዋ ሲያልቅ እሷንም ልጁንም ወደ ኡራን እንደሚወስዱ ተናግረዋል። ሥራ ካገኘች ግን እዚሁ ትቆያለች፤ በዚህ ተስማምተዋል። የዛሬው ቃለ መጠይቅ የሚቆርጠው ይህንን ነው።

ልጁ ሰሊም ነው። ገና መሮጥ መጀመሩ ነው፤ ጆሮዎቹ እንደ ባሺር ጆሮዎች ወደ ውጭ የወጡ ናቸው።

ጎረቤታቸው ማርጋሬት ደግሞ አስተማሪ ናት። ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል መጥታ ስትኖር ብዙ ጊዜዋ ነው፤ አማርኛውን የለመደችው ድንበሩን እየተሻገረች ስትገበያይ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት እህል የሚወስዱትን የሚመዘግብ ሰው እንደሚፈልግ የነገረቻቸውም እሷ ናት።

«እስቲ እንሞክረው» አለች ማርጋሬት። «እኔ አለቃ ነኝ። ለምን እኛ ጋ መሥራት ፈለግሽ?»

«እንድበላ።»

«እሱማ እውነት ነው። ግን አይባልም።»

አሻ ፈገግ ልትል ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ ተወችው። የገባችው የባሺር አክስት ሀቢቦ ናት፤ የወተት ጀሪካኗን አስቀምጣ ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ኮት! አፈሩ ሳይደርቅ ኮት!»

ሀዋኦ ከድስቱ ቀና አለች። ኮቱ ከሳጥን ከወጣ ጀምሮ እሷም ስትለው የሰነበተችው ይህንኑ ነው፤ በሆዷ።

«አዳ አክስቴ፣ ሼኩን ጠይቄያለሁ» አለች አሻ ረጋ ብላ። «ለእንጀራ ጉዳይ በቀን ውጪ ብለውኛል።»

«መውጣትማ ይፈቀዳል። መጋጌጥ ነው ክልክሉ።»

«ይሄ ጌጥ አይደለም» አለች ማርጋሬት። «ቢሮ እንዲህ ነው የሚለበሰው። አሁንም ነጩን አውልቂና ያመጣሁልሽን ሸሚዝና ጉርድ ልበሺ። እንደዚህ ካዩሽ ያዝኑልሻል፤ ከንፈር መጠው፣ ‹ሐዘንሽን ስትጨርሺ ነይ› ብለው ይሸኙሻል። ያኔ ሌላ ሰው ቀጥረዋል።»

አሻ የኮቱን ጫፍ ጨበጠች። ሀዋኦ አሁን ነጩን ታወልቀዋለች ብላ ጠበቀች። ብታወልቀው ደስ ይላት ነበር፤ አሻን የምትጠላበት ምክንያት ታገኝ ነበር።

«ነጩን አላወልቅም» አለች አሻ።

«አሻ...»

«ሥራውም ይቅር። አላወልቅም አልኩ።»

ሀዋኦ ድስቱን አስቀመጠች።

በዚህ ጊዜ የባሺርና የሀዋኦ እናት ዶቃታ ከጥላው ሥር ተነሡ። ባሺር ከተቀበረ ወዲህ ከአንድ ሁለት ቃል በላይ ሲናገሩ የሰማቸው የለም። ጥቁሩን ጉርድ ከማርጋሬት እጅ ወስደው ከኮቱ ሥር፣ በነጩ ቀሚስ ላይ፣ በአሻ እግር አጠለቁት። የቀሚሱን ጫፍ እየሰበሰቡ ከጉርዱ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች ቆለፉ። ከአንገቷ ሥር የቀረው ትንሽ ነጭ፣ ማንም ሸሚዝ ነው ብሎ የሚያልፈው ነበር። ነጩን ሻሿንም ጫፉ እንዳይንጠለጠል አጥብቀው አሰሩላት።

«አየሽ» አሏት ሀቢቦን ሳያዩዋት። «ሐዘኗ እላይዋ ላይ ነው። ኮቱን የገዛው ደግሞ ልጄ ነው። ከናይሮቢ ሚቱምባ፣ ከልባሽ ልብስ ክምር መርጦ፣ አንድ ቀን ቢሮ ትገባበታለች ብሎ።»

ሀቢቦ ጀሪካኗን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ ምን አልኩ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከውጭ ማርጋሬት የጠራችው የቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ጥሩምባውን ነፋ።

«ጫማው!» አለች ማርጋሬት። «የኔ እንኳ ለሷ አይገባም። ከማን እንዋስ?»

«በሸበጡ እሄዳለሁ» አለች አሻ። «እግሬን ከወንበር ሥር እደብቀዋለሁ።»

«ሞኝ! መጀመሪያ የሚያዩት እግር ነው።»

ሀዋኦ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ካርቶኑን ጎትታ አወጣችው። ሁለቱ ጫማዎች በክሮቻቸው እርስ በርስ እንደታሰሩ ናቸው። ባሺር ከድንበሩ ማዶ ሲገዛቸው እንዲህ አስሮ፣ ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር የመጣው። በራፉ ላይ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት።

«ይሰፋኛል» አለችው።

«ታድጊያለሽ። ቋጠሮዬን ደግሞ እዪልኝ። የጭነት ሸራ የምናስርበት ቋጠሮ ነው፤ እስከ ኢሲዮሎ መንገድ ቢንጠው ንቅንቅ አይልም። ለሚያውቅበት ግን አንዴ ሳብ ነው።»

በማግስቱ ወደ ኡራን ሄደ።

ትምህርት ሲከፈት ሀዋኦ አውራ ጣቷ የሚታይበትን አሮጌ ጫማ አድርጋ ሄደች። አዲሱን ለማድረግ ቋጠሮውን መፍታት ነበረባት። የእጁ ሥራ የመጨረሻው እሱ ነው። ክሩ ላይ ከአውራ ጣቱ የነካው የሞተር ዘይት እንደ ደረቀ አለ። አንዳንዴ ካርቶኑን ከፍታ በጣቷ ትነካውና መልሳ ትዘጋዋለች።

ከውጭ ሰሊም ሲስቅ ተሰማት። ቦዳቦዳው ደግሞ ነፋ።

ካርቶኑን ይዛ ወጣች።

«ይሄ የማን ነው?» አለች አሻ።

«የኔ። ባሺር ነው የገዛልኝ።»

አሻ ቋጠሮውን አየችው። ማን እንዳሰረው መጠየቅ አላስፈለጋትም። «መልሺው» አለች። «ሀዋኦ፣ መልሺው፤ አልፈልግም።»

«ይሰፋኛል» አለች ሀዋኦ፤ ደጃፉ ላይም ተቀመጠች።

«ቢላ ላምጣ?» አለች ሀቢቦ። «ሰዓቱ ሄደ እኮ።»

«ተዪ አዳ» አለች ሀዋኦ።

ከቋጠሮው ተርፎ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ ፈለገች። አገኘችው። ትንሽ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ሳበችው። ክሮቹ ያለ ምንም ትግል ተለያዩ፤ ሁለቱ ጫማዎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ጉልበቷ ላይ ተጋደሙ። ዶቃታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሀዋኦ ተንበርክካ ጫማዎቹን ለአሻ አጠለቀችላት። ልክክ አሉ። ክሮቹን ሰው ሁሉ እንደሚያስረው አሰረቻቸው፤ የሸራውን ቋጠሮ አልሞከረችውም። የዘይቱ ምልክት በግራው በኩል፣ ከጉርዱ ጥላ ሥር ዋለ።

አሻ ጎንበስ አለች። እጇን ሀዋኦ ራስ ላይ አሳርፋ አነሣች።

«ስትመለሺ» አለች ሀዋኦ፣ ሳትነሣ፣ «በራፉ ላይ እንዳትተዪው። ይዘሽው ግቢ።»

«ይዤው እገባለሁ።»

ቦዳቦዳው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ሀዋኦ አረንጓዴውን ሸበጥ አድርጋ ወደ ድስቷ ተመለሰች።