ያልታለፈው ዘፈን

ኣፅብሃ ሳሎኑ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ሻምበል ሙሉአለም የተጠራው ግን እሑድ ጠዋት፣ ያውም ጣቢያው ገዳይ ነው ያለውን ሰው ይዞ ካሰረ በኋላ። ነገሩ ካለቀ መርማሪ ለምን ይጠራል? ለፊርማ ነዋ! አለቃው ሻለቃ በስልክ ያሉት ይኸው ነበር፤ የቤቱ ዘበኛ ነው የገደለው፣ ሄደህ አይተህ ፈርም፣ ነገ ጠዋት ወደ ላይ ይተላለፋል።

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሻምበሉም ስለሚያውቅ እስክሪብቶውን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ። ለመኪናው ቤንዚን ስላልነበረ ከመገናኛ ቦሌ ድረስ በእግሩ ወረደ። ሲደርስ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ፊቱም ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት መስሎ ነበር።

ሟቹ የበረራ አስተናጋጅ ነበር። ከሄደበት አገር ሁሉ የፊልም ካሴት እያመጣ ሳሎኑን የወዳጆቹ ሲኒማ ቤት አድርጎታል። ሁለት የቪዲዮ ዴክ ጎን ለጎን ደርድሯል፤ በአንዱ ያያል፣ በሌላው ይገለብጣል። ሻምበሉ በቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ የብረት ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አየ። ምንጣፉ ላይ ደግሞ ክር ያንጠለጠሉ የሸሚዝ ቁልፎች አገኘ። አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ገፍትሮታል ማለት ነው። ዴኩ ውስጥ ያለውን ካሴት አወጣው። ስም የለበትም፤ ከላዩ የተላጠ ወረቀት ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

የሟቹ ታናሽ እህት ትርሓስ አጠገቡ ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። በመሃል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ፣ ኮምፔልሳቶ ስለሆነ ማስነጠስ እንኳ ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ መጥተው እንደለመዱት ስለ ፊልም ሲከራከሩ ቆይተው ሄዱ፤ ከዚያ አዲሱ የህንድ ፊልም ሲጮህ እስኪመሽ ሰማች። ፊልሙ ሲያልቅ ራቱን ይዛ ገባች፤ ሞቷል። ጩኸቷን ሰምቶ የገባው ዘበኛው ላጲሶ ሬሳውን ሲያነሳ ልብሱ ደም ነካ። በዚያ ሳምንት ሟቹ በሩን ጥለህ ሄድክ ብሎ ሰው ፊት ሰድቦታል። ፊልሙ ሲታይ ደግሞ ግቢው ውስጥ ከላጲሶና ከእሷ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ለጣቢያው ይህ በቂ ነበር።

«ፊልሙ እስኪያልቅ ደህና ነበር ማለት ነው» አላት ሻምበሉ።

«ደህና ነበር። እንደውም...» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንደውም ዘፈኖቹን ሁሉ ለቀቀልኝ። እንደምወድ ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን ለቆልኝ አያውቅም። ትናንት አንድ ሳያስቀር ለቀቀው። ነፍሱ የነገረችው ይመስለኛል።»

ሻምበሉ ይህን የሐዘንተኛ ወሬ ብሎ አለፈው። እኔ ብሆን እዚያው እነቃ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸቴን ነው።

የፊልም ወዳጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሻምበሉ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ አንገት ለአንገት ተያይዘው በሹክሹክታ ሲከራከሩ አገኛቸው። መገናኛ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጠው ሙክታር የህንድ ፊልም አዘጋጅን የሚያህል የለም ይላል፤ አንጀት የሚያላውስ እሱ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ሉሊት ደግሞ ልቧ ከካራቴ ፊልም ጋር ነው። አራተኛው ክፍል መቼ ይመጣል እያለች ስትጠብቅ ጸጉሯ ሊሸብት ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ ሰው እኮ ሞቷል» አላቸው ሻምበሉ። ትዕግሥቱ አልቋል።

«እኛ ከሱ ጋር ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም፣ ጓድ ሻምበል» አለች ሉሊት። አፈረች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «ስናለቅስለትም በዚሁ ነው።»

ስለ አሟሟቱ ሲጠይቃቸው ስለ አዘጋጅ ይመልሱለታል። ስለ ቅዳሜ ሲጠይቃቸው ስለ ክፍል ሁለት ያወሩለታል። ጥርሱን ነክሶ ሰማቸው፤ ምን ያድርግ? ቅዳሜ ፊልሙ ሳይጀመር በሙክታር መኪና አብረው ወጥተው እስኪመሽ ሱቁ ውስጥ መቀመጣቸውን በስንት መከራ አወጣጣቸው። ሙክታር ቶሎ የሄደው ተናዶ ነው።

«አዲሱን ፊልም ነገ ነው የማሳየው አለን። እኔ ደግሞ ከሱ ጋር የህንድ ፊልም ማየት ሰልችቶኛል» አለ። «ዘፈን ሲመጣ ለማሳለፍ ፈጣኑን ቁልፍ ይጫናል። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ ነው የምናየው። ዘፈን ሰምቶ የሚጨርስ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ሻምበሉ ብድግ አለ። ይቅርታ እንኳን ሳይል ትርሓስን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።

«የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ምን እያደረግሽ ነበር?»

«ገርሞኝ ከስፌቴ ቀና አልኩ። ከዚያ በፊት ወንድሜና ጉዲና ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ክርክራቸው ነው ብዬ ትቼዋለሁ። በመስኮት ሳይ ጉዲና ኮቱን እየቆለፈ ሲወጣ፣ ላጲሶ በሩን ሲከፍትለት አየሁ።»

ሦስተኛው ወዳጅ ጉዲና ነው። ከሌሎቹ ርቆ፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ሞስኮ ፊልም ተምሮ የተመለሰ የጎሮ ገበሬ ልጅ ነው። ለሻምበሉ በትሕትና መለሰለት። አንድን ፊት ሳይቸኩል የሚያሳይ አዘጋጅ ይወዳል፤ የህንድ ፊልም ሲጀመር ተነስቶ ይወጣል፤ እስከ ዛሬ አንዱንም ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ቅዳሜም ሳይጀመር ነው የወጣው።

«ሌሎቹ ሲሄዱ ለምን ቀረህ?»

«ያስቀመጥኩት ካሴት ነበር። ቢፈልግ አጣው።»

ሻምበሉ ከዚያ ሳሎኑን ዘግቶ ካሴቱን ከከተተው በኋላ የሆነውን ባልተርክ ይሻላል። መብራት ጠፋ። መጣና ደግሞ ጠፋ። ሻለቃው ለምን አልፈረምክም ብለው ደወሉ። በመጨረሻ መብራቱ ራርቶለት ካሴቱን ጫፉ ድረስ አየው። ከዚያ ላጲሶን ከጣቢያ አምጡልኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ላጲሶ እጁ እንደታሰረ ከፖሊሱ ጎን ቆሟል። ሻምበሉ ቀኑን ሙሉ የተናደደበትን ቴሌቪዥን ተደግፎ ጀመረ።

«ፊልሙ ሲጮህ ኣፅብሃ በሕይወት አለ ብለን አሰብን። ላጲሶ የታሰረው በዚህ ነው። ግን ዘፈኖቹ በሙሉ ተሰምተዋል። ኣፅብሃ ዘፈን ያሳልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን ሲመጣ ፈጣኑን የሚጫን እጅ አልነበረም።»

ትርሓስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ለእሷ የተለቀቀ ዘፈን እንዳልነበረ የገባት ያን ጊዜ ነው።

«በዚያች ሰዓት ላጲሶ የት ነበር? የግቢው በር ላይ። ትርሓስ አይታዋለች። ከሳሎኑ የወጣው ማን ነው? ፊልሙ ሳይጀመር ወጣሁ የሚለው ጉዲና። ድምፁን ከፍ አድርጎ ትቶት የሄደው ሰው፣ ሟቹ ፊልም እያየ ነው እንዲባል ፈልጎ ነው። ሙክታር ቢሆን፣ ሉሊት ብትሆን፣ የህንድ ፊልም ከፍተው አይሄዱም ነበር፤ ዘፈኑ እንደሚያጋልጥ ያውቃሉ። የማያውቀው አንድም ቀን ተቀምጦ ያላየው ብቻ ነው።»

«እኔ ምን በደለኝ ብዬ ነው የምገድለው?» አለ ጉዲና። ድምፁ ደከመ።

ሻምበሉ ዴኩን ከፈተ። የህንዱ ፊልም መጨረሻው ላይ ነበር፤ አለቀ፣ ቴሌቪዥኑ ጥቂት ተንጫጫ። ከዚያ ከሥሩ ያልተደመሰሰ አሮጌ ቅጂ ብቅ አለ። ወተት የተሸከሙ ሴቶች ገና ሳይነጋ ከጎሮ ወደ መገናኛ በአቧራው መንገድ ይሄዳሉ። ማንም አይናገርም። ካሜራው አንዲትን አሮጊት ሳይቸኩል ይከተላል።

ጉዲና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ፊልሙ የእሱ ነው። አገሪቱን ደሃ አስመሰልክ ተብሎ ዋናው ተወርሶበታል፤ ተደብቆ የገለበጠው ይህ አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ውጭ አገር አድርስልኝ ብሎ ለኣፅብሃ ሰጠው። ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ሲል ከመሃሉ የህንድ ጭፈራ ወጣ።

«ለምን አጠፋህብኝ አልኩት። ባዶ ካሴት አጥቼ ነው አለኝ። ሴቶች ሲሄዱ ብቻ እኮ ነው የሚያሳየው፣ ማን ያየዋል አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ሲወድቅ ግን... ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ወጥቼ ሄድኩ። ይኼ ሰውዬ ሲታሰርም ዝም አልኩ።»

ላጲሶን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ትርሓስ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ስትሄድ ሁሉም ልትሰብረው ነው ብለው ደነገጡ። እሷ ግን አሮጊቷን ቆማ አየቻት።

«እናትህ ናቸው?» አለችው።

«አዎ። አምና አረፈች። ፎቶ እንኳን የላትም።»

ትርሓስ ዴኩን አላጠፋችም። አሮጊቷ መገናኛ ሳትደርስ ካሴቱ አለቀ።

ላጲሶ በዚያው ዕለት ተፈታና ሌሊቱን ቤቱ አደረ። ሻምበሉ ካሴቱን በፖስታ አሽጎ «እንዳይነካ» ብሎ ጻፈበትና ለኤግዚቢት ክፍል አስረከበ፤ ጉዲና ሲወሰድ የለመነው ይህን ብቻ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲደርስ ሻምበሉ ካሴቱን ሊያወጣ ሄደ። ፖስታው ተከፍቷል። ዴክ ላይ ቢከተው የመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀርጾበታል። የክፍሉን ኃላፊ አንገቱን ሊያንቀው ምንም አልቀረውም።

«ባዶ ካሴት ጠፍቶ ነበር እኮ፣ ጓድ ሻምበል» አለ ሰውየው። «ደግሞ አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሴቶች ሲሄዱ ብቻ ነው የሚያሳየው።»