ደገፋ መተሐራ ላይ

«ደገፋ የት ደረሰ?» አለ ጉደታ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ።

ዘርፉ ደብተሩን ከጉልበቷ ሥር ሸሸገች። የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መምህር አባቱ ወደ ሁሩታ ተዛውረው ጉደታ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እዚያ ቆይቶ ትናንት ነው ናዝሬት የተመለሰው። ሲሄድ «ሁለተኛውን ደብተር ያለ እኔ እንዳትጀምሩ» ብሏት ነበር። እሺ ብላዋለች።

ደገፋ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሚኖረው ግን ደብተር ውስጥ ነው። ዘርፉ ከናዝሬት እስከ አሰብ ያለውን መንገድ በካሬ ከፋፍላ ሥላዋለች። ተጫዋቹ ከቲማቲም ጣሳ ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ ያወጣል፤ ቆርኪው ላይ የተጻፈው ቁጥር መኪናውን ያስኬዳል። አንዱ ቆርኪ ግን ጥቁር ነው። እሱ ከወጣ ሹፌሩ ይሞታል። ዘርፉ አትጫወትም፤ የሆነውን ትመዘግባለች። ቆርኪ ያልወሰነውን አትጽፍም፤ የጻፈችውንም ገጽ አትቀድም።

ጉደታ ደገፋን አሰብ ሲያደርሰው የመጀመሪያው ደብተር አለቀ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደገፋ ጉድጓዱን ሁሉ ያውቃል፤ የየኬላው ጠባቂ ወዳጁ ሆኗል። በእሱ ቢቀጥሉ ጨዋታው ሽርሽር ይሆናል። በዚህ መሀል የክፍላቸው ልጅ ኢፍቱ አዲስ ሹፌር ይዛ መጣች፤ ጉዲቱ የምትባል፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሳምንት ያልሞላት። ወንዶቹ ጎማ ማን ሊቀይርላት ነው እያሉ አሾፉ። ወለንጪቲ ሳትደርስ መኪናዋ ሁለቴ ሲቆም ግን ሁሉም ከበው ያዩ ነበር። ያን ቀን ዘርፉ ደገፋ ለጉዲቱ መንገዱን እንዲለቅ ብላ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ደገፋ መተሐራ አጠገብ ተገልብጦ ሞተ።»

ጉደታ መመለሱን ከሰማች ጀምሮ ገጹን ልቅደደው አልቅደደው ስትል ነው የዋለችው። አሁን ደብተሩን ከጉልበቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

ሁለቴ አነበበው።

«ቆርኪ ወጥቶበት ነው?»

«አልወጣበትም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እሺ ብለሽኝ?»

«ብዬህ።»

አጠገባቸው የነበረችው ኢፍቱ ጉዲቱን ከመንገድ ላወጣት እችላለሁ አለች፤ ድምፅዋ ግን ደስ እንዳላላት ያስታውቃል። ጉደታ ገጾቹን እያገላበጠ ጉዲቱ የት እንደደረሰች ፈለገ። አዋሽ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቆማለች።

«እዚህ ጋ ፍሬን ብቻ ከረገጠች ፍሬኑ ግሎ ይከዳታል» አለ። «ማርሽ ቀንሳ ትውረድ። ደገፋ ይህን ያወቀው ተሳቢውን ከሰበረ በኋላ ነው።»

ዘርፉ ደብተሩን ተቀበለችው። የደገፋን ሞት የጻፈችበትን መስመር በአንድ ቀጭን ሰረዝ ሰረዘችው፤ ከሥሩ ያለው አሁንም ይነበባል። ከጎኑ ስሟን ጻፈች። ከዚያ ጣሳውን ከነቆርኪዎቹ ነቅንቃ ወደ ጉደታ ገፋችው።

«ጥቁሩ ቢወጣስ?» አለ።

«ይሞታል።»

«ካልወጣስ?»

ጥቂት አሰበች። «ይተርፋል፤ መኪናውን ግን ለዘመቻ ወስደውበታል። በእግሩ ነው የሚመለሰው።»

«ታዲያ ምን አለ?» አለች ኢፍቱ። «ጉዲቱ ጋቢናዋ ውስጥ ለደገፋ ቦታ አላት። ብቻ ማርሽ ቀንሺ፣ ፍሬን ልቀቂ እያለ እንዳይጨቀጭቃት።»

ጉደታ ፈገግ አለና የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እጁን ጣሳው ውስጥ አስገባ። ዘርፉ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች። ቆርኪዎቹ ከጣቶቹ ሥር ሲንኳኩ እየሰማች ጠበቀች።