የፕሮፌሰር ፒዮ ቀዝቃዛ ምሳ

ማክሰኞ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የአለርጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ምሳ መጣ። አራት ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። በስድስት ተኩል ሦስት ቀሩ።

የሞቱት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ፒዮ ናቸው። ሜሚል የሚባለው ጥቁር እህል ከልጅነታቸው ጀምሮ አይስማማቸውም፤ ፊታቸው የተገኘው ሳህን ግን በረዶ የገባበት የሜሚል ኑድል ነው። ምሳ የሚያዘው ደግሞ እንደ ደንቡ ታናሽ የሆነ ሰው ነው፤ ታናሿ የዶክትሬት ተማሪዋ ባንግ ሴዮን ናት። ስለዚህ መርማሪ ማ ኦክሂ ስትደርስ ገዳይ ተገኝቶ፣ የቀረው ካቴና ብቻ ነበር።

«እሷ ናት፤ ሳህን ቀይራ ሰጠቻቸው» አለ ምክትሉ ዶክተር ናም። «ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ተጣልተዋል።»

«ተጣልተናል» አለች ሴዮን። «በአዲሱ የአለርጂ መድኃኒታቸው ጥናት ላይ አልፈርምም ስላልኩ። ዛሬም አልፈርምም። ሳህኔን ደግሞ ራሳቸው ናቸው የሳቡት።»

«አያችኋት? አስከሬን ፊት እንኳ አንገቷን አትደፋም!»

«ብደፋ እርስዎን ደስ ይልዎታል እንጂ እሳቸው አይነሡም፣ ዶክተር።»

መርማሪዋ ጣቷን የሜሚሉ ሳህን ውስጥ ነከረች። በረዶው ገና ጨርሶ አልቀለጠም። ከጎኑ ያልተነካ የስንዴ ኑድል ገና ለብ ባለ መረቁ ላይ ተንሳፍፏል።

ሦስተኛው ተመጋቢ አቶ ኩክ መድኃኒቱን ሊሸጥ የተዘጋጀው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው።

«እርስዎስ ምን አዩ?»

«እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር። ፊታቸው ሲያብጥ ‹ቆዩ፣ ይተወኛል› አሉን። ታላቅ ሰው ቆዩ ካለ ይቆያል።»

«እስከ መቼ ቆያችሁ?»

«እስኪሞቱ።»

እንዲህ ያለውን አለርጂ የሚያስቆመው የአድሬናሊን መርፌ ክዳኑ ሳይነቀል ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሐሙስ መርማሪ ማ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«እንፋሎት የሚወጣውን ምግብ በረዶ ከገባበት ጋር ሕፃን እንኳ አያምታታም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ እያወቁ በሉ። መርፌውም ኪሳቸው እያለ አልነኩትም። ስለዚህ ሌላ የሚያድናቸው ነገር አለ ብለው አምነዋል። ሴዮን፣ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?»

«ማስት ሴል የሰውነት ዘብ ነው፤ ጠላት የመጣ ሲመስለው ይጮኻል። የበሩን ወሬ ወደ ውስጥ የሚያቀብሉት ኢንዛይሞች ናቸው። መድኃኒቱ የአንደኛውን አፍ ይይዛል። ጎረቤቱ ግን ወሬውን ተቀብሎ ይሮጣል። ከአሥር አይጥ በሰባቱ ሮጧል፤ መድኃኒቱ የሠራው በሦስቱ ብቻ ነው። የአሥሩንም ውጤት ለዶክተር ናም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።»

«በፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ወረቀት ግን የሚያውቀው ሦስት አይጥ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ።

«መድኃኒቱ ይሠራል!» አለ ናም። «ያን ቀን ጠዋት መጠኑን አሳንሰው ወስደው ይሆናል።»

ማ ቀስ ብላ ዞረች። «መውሰዳቸውን ማን ነገረዎት? ማክሰኞ እኮ፣ እንደ ቃልዎ፣ ሳህን ተቀይሮባቸው ነበር የሞቱት።»

ናም ወደ አቶ ኩክ ተመለከተ።

«ሰባቱን አይጦች ከወረቀቱ ያወጧቸው እርስዎ ነዎት» አለች ማ። «ሰውዬው በሦስቱ ተማምነው፣ መድኃኒቱን በራሳቸው ሊፈትኑ ሲበሉ፣ እርስዎ እያወቁ ተመለከቱ። ሲሞቱ ደግሞ ያልፈረመችውን ልጅ ሰጡኝ።»

«ግምት ነው! መድኃኒቱ ይሠራል!»

«ይሠራል፣ ይሠራል» አለ አቶ ኩክ።

«እንግዲያው ይሥራ» አለች ማ።

ሴዮን አንዲት ነጭ አይጥ አመጣች፤ የአይጧ ግራ ጆሮ ትናንት ለአለርጂ የሚያዘጋጅ አንቲቦዲ ተወግቷል። በፕሮፌሰሩ መሳቢያ የተረፈውን እንክብል በጥብጣ አጠጣቻት። ሰዓቱን ጠብቃ አለርጂ ቀስቃሹን ከሰማያዊ ቀለም ጋር ጅራቷ ላይ ወጋቻት።

«ዘቡ ዝም ካለ ጆሮዋ እንደነጣ ይቀራል» አለች። «ከጮኸ ደም ሥሩ ሰማያዊውን ቀለም ጆሮዋ ውስጥ ያፈሰዋል።»

«አሁን ታያላችሁ» አለ ናም፤ ጀርባውን ሰጥቶም በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን ያይ ጀመር። ሴዮን ክንዷን አጣጥፋ አይጧ ፊት ቆመች። አቶ ኩክ ስልኩን አወጣ፤ ግን አላየውም።

ግራው ጆሮ መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ከዚያ እስከ ሥሩ ድረስ ሰማያዊ ሆነ።