የማይሠራው ማሽን

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ የጂን ወሬ ሲጀመር ተነስታ ዕቃ የምታጥብ ሴት ነኝ። ጂን መኖሩን ቁርኣን ስለነገረን አልክድም፣ ግን በየጉድጓዱ ተደብቆ ሰው ያስደነግጣል የሚሉትን ፈጽሞ አልቀበልም ነበር፣ ደግሞም ስድስት ዓመት ሙሉ ለንደን ውስጥ የፍሳሽ ጉድጓድ ስከፍት ከሽታ በቀር የገጠመኝ ነገር የለም። ያን ቀን ግን፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ "ደክሟት ነው" እንዳትሉኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ምሳዬን በልቻለሁ፣ ፀሐዩም የሰኔ ፀሐይ ነበር።

ቴምዝ ወንዝ መሃል በእግረኛ ድልድይ የሚገባባት ትንሽ ደሴት አለች፣ ሃያ የማይሞሉ ቤቶችና ዳር ዳሩን የታሰሩ ጀልባዎች ናቸው ያሏት። የከተማው የፍሳሽ መስመር እዚያ ስለማይደርስ የራሳቸው ማጣሪያ ከመሬት በታች ተቀብሯል፣ አንድ ትንሽ ማሽን ቀን ከሌት አየር ይነፋበታል፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በዚያ አየር ይኖራሉ፣ የተጣራው ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አየሩ ከቆመ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውም ያው የምታውቁት ነገር ይሆናል። ሙቀት ሲገባ ደግሞ የደሴቷ ልጆች እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው የሚንቦጫረቁት።

እኔ ወደዚያ ስላክ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፣ ከእኔ በፊት ማጣሪያውን በየወሩ የሚፈትሹት አለቃዬ ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ። ሁለት ቫን ያላት ድርጅት ባለቤት ናቸው፣ ሰቨን ሲስተርስ ባለው ቸርቻቸው ሲጸልዩ ማይክ የማያስፈልጋቸው ጴንጤ፣ እኔን ሙስሊሟን ግን እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሰው።

ድልድዩን ስሻገር የማሽኑ እምምም የሚል ድምፅ ተሰማኝ፣ ቶሎ ጨርሼ ካሌዶኒያን ሮድ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ማርጋሬት የምትባል አሮጊት፣ ቤቷ ከጉድጓዱ አጠገብ ነው፣ አጥሯን ተደግፋ "በመጨረሻ መጣችሁ!" አለችኝ። "በብርዱ ወራት ወንዙ ሞልቶ የማሽኑን ሳጥን ኤሌክትሪክ ካቃጠለው ጀምሮ ማንም ብቅ ብሎ አያውቅም።"

"ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?" አልኳት።

"እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር።"

ሳጥኑን ከፈትኩት። ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ገመዱ ተቃጥሎ ተንጠልጥሏል፣ ላዩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ድምፁ ግን ከእግሬ ሥር አለ። ለጋሽ ተስፋዬ ደወልኩ።

"ሐዋዬ፣ ነገር አታብዢ፣ ይሠራል ብለሽ ሳይን አድርጊና ነይ።"

"ገመዱ ተቃጥሏል እኮ! በየወሩ ይሠራል ብለው የፈረሙት ቢሮ ተቀምጠው ነው?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የደሴቷን ኮንትራት ከተነጠቅን አንቺም እኔም ቤታችን ነው የምንቀመጠው" አሉ።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እየተከራከርኩ የጉድጓዱን ክዳን አነሳሁት፣ እናቴ ከልጅነቴ ያስለመደችኝን፣ ጉድጓድ ስከፍትም የፈላ ውሃ ስደፋም ከአፌ የማይለየውን ቢስሚላህ እንኳ በንዴት ረሳሁት። ውስጡ ይፈላል! አየር የሚነፋበት ነገር ሳይኖር ውሃው ከዳር እስከ ዳር ይንተከተካል፣ ሽታ የለው፣ በሳምፕል ጠርሙስ ብቀዳው ጥርት ያለ ነው። ያኔ ደንግጬ "ቢስሚላህ!" አልኩ።

ቀጥ አለ። እመኑኝ፣ ድምፁም አረፋውም በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ወራት ሙሉ የት እንደነበር የማላውቀው ሽታ ቀስ እያለ ወጣ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ በለጠ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኛ ያልሠራነውን ሥራ ሲሠራልን ከርሞ እኔ አባረርኩት ማለት ነው፣ ነገ እነዚያ ልጆች ሽንት ቤት ውስጥ ሊዋኙ ነው። ጎንበስ ብዬ "አንተ! ወይ ውጣና ልይህ፣ ወይ ሥራህን ቀጥል!" ብዬ ጮህኩበት፣ በአማርኛ፣ ማርጋሬት አፏን ከፍታ እያየችኝ። አንዲት አረፋ መጣችና ፈነዳች። ሌላ የለም።

"ማንን ነው የምትቆጪው?" አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ ለካ ስልኩ አልተዘጋም።

"እርስዎንም እሱንም! ውሸት አልፈርምም፣ ማሽኑ ሞቷል ብዬ ነው የምጽፈው።"

"እንግዲያው የቫኑን ቁልፍ አስረክቢ።"

"ነገ እዚሁ ይምጡና ይውሰዱ፣ ክዳኑንም በእጅዎ ከፍተው ይዩ።"

ሁለት ልጆች ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነኝ፣ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም፣ ግን ጻፍኩ። ማርጋሬትንም ልጆቹን ከወንዙ አርቂ አልኳት።

በማግስቱ ፊታቸውን ቋጥረው መጡ። ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና ብቻቸውን ወደ ጉድጓዱ ሄዱ፣ እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ። ክዳኑን አንስተው አጎነበሱ። "በኢየሱስ ስም!" እስኪሉ ጠበቅኩ፣ አላሉም። ብዙ ቆዩ፣ አንድ ጊዜ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ለተጠየቁት የሚመልሱ ይመስል ነበር። ከዚያ ክዳኑን ድምፅ ሳያሰሙ መልሰው መጡና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት፣ ጣታቸው በረዶ ሆኗል።

"ማሽኑን ዛሬውኑ እናስገባለን" አሉ፣ "በውሸት የፈረምኩትንም ኮንትራቱን ለሰጡን ሄጄ እናገራለሁ።"

"ምን አዩ ጋሽ ተስፋዬ?"

"ተይኝ ልጄ።"

ማሽኑ ገባ፣ እሳቸውም ሄደው ተናገሩ፣ ኮንትራቱ በማስጠንቀቂያ ተረፈ። ባገኘኋቸው ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፣ ስለ ሥራ ያወሩኛል፣ ባለፈው ሳምንት ብቻ ዓይኔን ሳያዩ "ጉድጓዱ ጋ ስምሽን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት" አሉኝና ወሬ ቀየሩ።

ሰኞ የደሴቷ ተራ ነው። ሌላ ሰው ልላክ ብለውኛል፣ እምቢ ብያለሁ። ለዚያ ውሃ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ ስሜን የሚፈልግ ካለም ይጥራኝና እንተያያለን። ብቻዬን ነው የምሄደው።